ጧፍ በዘገምተኛ ድስት

የካቲት 10

እኔ ተስፋማርያም እናገራለሁ፣ ጎረቤቴ ፈቲያ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። እሷ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆና ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። በሯ ከበራችን ፊት ለፊት ነው። «ጋሼ፣ በየቀኑ ያንኑ ሮሮ ከሚደግሙልኝ ልጻፈውና ይውጣልዎት» አለችኝ። ሮሮ አይደለም አልኳት። ጧፍ እንዴት እንደሚሠራ ነው የማስጽፈው፤ እኔ ስሞት ልጄ ቢሩክ ሰምና ሳሙና እንዳያምታታ። ሳቀች። ሳቅሽን አትጻፊው አልኳት፤ ጻፈችው መሰለኝ።

ጾም ትናንት ገባ። የእሷም ረመዳን ዛሬ ነገ ነው። ሁለታችንም የተራብን ሆነን ነው ይህ ደብተር የሚጻፈው።

የደብራችንን የትንሣኤ ጧፍ የማቀርበው እኔ ነኝ። አያት ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ሌላ ሰው አቅርቦ አያውቅም። ከሰል የማያይዘው ከሕንጻው ጀርባ የጋራ ማብሰያው ቤት ውስጥ ነበር። ዘንድሮ የሕንጻው ኮሚቴ ያንን ቤት ለዕቃ ማስቀመጫ አከራየው። «ኮሪደር ላይ ከሰል ካየን እንቀጣለን» ብለው ወረቀት ለጠፉ። ማንበብ ባልችልም ወረቀቱ ለእኔ እንደተለጠፈ ገብቶኛል። ዘንድሮ ካላደረስኩ ቤተ ክርስቲያኑ ከመርካቶ ይገዛል። አንዴ ከገዛ ደግሞ ወደ እኔ አይመለስም። ጉዳዩ ይኸው ነው።

የካቲት 13

ምራቴ ዕፀገነት በስልኳ አይታ የብርጭቆ ሻማ መሥራት ጀምራለች። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ላለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ታስረክባለች። ሻማዋን የምታቀልጠው በኤሌክትሪክ ድስት ነው። ስሙን «ስሎው ኩከር» ትለዋለች፤ እኔ ዘገምተኛው ድስት እለዋለሁ። ውስጡ ከባድ የሸክላ ዕቃ፣ ውጭው ላይ አንዲት ማዞሪያ። እሳት የለው፣ ጭስ የለው። ሰሙ ውስጥ ሽቶ ትጨምርበታለች። ሻማ ለብርሃን ነው፣ ሽቶ ለሰርግ ነው አልኳት። «አባባ፣ ሰው የሚገዛው ለሽታው ነው እኮ፤ ማብራትማ መብራት ኃይል አለ» አለች። መብራት ኃይልን አምና ነው!

ከዚያ ግን «ለምን በዚህ አይሞክሩትም? ጠዋት ጠዋት እኔ ሥራ ስሄድ ባዶ ነው የሚቀመጠው» አለችኝ። አስብበታለሁ አልኳት። አላሰብኩበትም፣ ወዲያው ነው የተስማማሁት። ለእሷ አትንገሪያት።

የካቲት 15

ዛሬ ሞከርኩት። ፈቲያ፣ ይህን ደህና አድርገሽ ጻፊ፤ ሥራው ይህ ነው።

ጠጅ ቤት ጠጁ ከተጠለለ በኋላ የሚተርፈው ሰፈፍ ይባላል። ሰሙ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ድስቱ ውስጥ ውኃ ታደርጊና ሰፈፉን ትጨምሪበታለሽ። ሲሞቅ ሰሙ ይቀልጣል፣ ቆሻሻው ወደ ታች ይሄዳል። በጨርቅ ታጣሪዋለሽ። ሲበርድ ሰሙ ከውኃው በላይ እንደ ዳቦ ይረጋል። ያንን ዳቦ አንስተሽ ብቻውን ደግመሽ ታቀልጪዋለሽ። ከዚያ የጥጥ ፈትሉን እየነከርሽ፣ እያንጠለጠልሽ፣ ደግሞ እየነከርሽ፣ በመጨረሻ ሳይደርቅ በመዳፍሽ እያሸሽ ታቀኚዋለሽ። ለቤተ መቅደስ የሚሆነው ንጹሕ ሰም ብቻ ነው። ሞራ የለ፣ ፓራፊን የለ፣ ምንም የለ።

ከሰል ይቸኩላል። ዘወር ካልሽ ሰሙን ያሳርረዋል። ይህኛው አይቸኩልም። ጠዋት የከፈትኩት ረፋዱ ላይ ገና ማላብ ጀመረ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ሽማግሌ ሆነን ዋልን። መጥፎ ዕቃ አይደለም።

የካቲት 16

መብራት ሄደ። ሰሙ ግማሹ ቀልጦ ግማሹ ሳይቀልጥ ድስቱ ውስጥ ረጋ። በማንኪያ ስፈቀፍቅ ዋልኩ። ወገቤ። ሌላ የምለው የለኝም።

የካቲት 20

ዘንድሮ በርበሬው ሽታ የለውም። ሽሮውም እንደዚያው። ነጋዴው ጡብ እየፈጨ ይሸጣል መሰለኝ። ማታ ይህን ስል ዕፀገነት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቢሩክ «አባዬ፣ ዛሬ እኮ ጠንከር ብሎ ነው የተሠራው፤ እኔን አስነጠሰኝ» አለ። አንተ ቀኑን ሙሉ ለሚ ኩራ ሲሚንቶ ስትምግ ውለህ በምን አፍንጫህ ልታውቅ ነው አልኩት። እንጀራውን መቁረስ ቀጠለ። የሕንጻ ሥራ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሠራተኞቹ ላይ ሲጮህ ይውላል አሉ፤ ለእኔ ግን ዝም ነው የሚለኝ። ዝምታውን አልወደድኩትም።

የካቲት 25

ዛሬ ዕፀገነት ሳላስበው ቀደም ብላ ገባች። በሩን እንደከፈተች ሮጣ ድስቱን ነቀለችው። የፕላስቲክ ማማሰያዋ ከጎኑ ተኝቶ ኖሮ ቀልጦ ተጣብቋል። እኔ አጠገቡ ነው የተቀመጥኩት።

«አባባ፣ አልሸተተዎትም?»

«እያየሁት ነው» አልኳት።

መስኮቱን ሁሉ ከፈተች። ትስላለች። እኔ አልሳልኩም። ሳንባዬ የደገኛ ነው።

እያየሁት አልነበረም። ማሸለብ ይዞኝ ነበር። ይህን ጻፊው፣ ማሸለብ ነው። ሰው በጾም ያሸልባል።

መጋቢት 3

ሰፈፍ ልጨምር ገርጂ አፀደ ጠጅ ቤት ሄድኩ። አፀደን የማውቃት ሁለታችንም ጥርስ እያለን ነው። ገና ከበሩ ጀመረችኝ።

«አንተ ተስፋማርያም! በጾም ጠጅ ቤት? ቄሶቹ ይዩህ!»

«ሰፈፍሽን አምጪና ጠጅሽን ለኃጥኣን ተዪው» አልኳት።

ሁለት ባልዲ አወጣች። የመጀመሪያውን እኔ መረጥኩ። አጎነበሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ይህ እኮ ከርሟል፣ ሸትቷል። ከእኔ በላይ አንተ ነበርክ የምታውቀው። አፍንጫህን ታክሲ ላይ ረስተኸው መጣህ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ደንበኞቿም ሳቁ። ሰው ሲቀልድ እኔም እስቃለሁ፤ ሳቅሁ። ሁለተኛውን ባልዲ ወሰድኩ።

መንገዱ ረዘመብኝ።

መጋቢት 11

የፈቲያ ኢድ ነው። ልጆቿ መጥተው ቤቷ ሞልቷል፤ ለእኔ ብላ ለትንሽ ጊዜ ወጥታ ነው የምትጽፈው። ቴምር ላከችልኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በላሁ። ጣፋጭነቱን አውቄዋለሁ። ከጣፋጭነቱ ሌላ ግን… ቴምር ነው።

ሂጂ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል።

መጋቢት 17

ዛሬ የሰሙን ዳቦዎች በሙሉ አቀለጥኩ። በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ደርድሬያቸው ነበር። ወደ ድስቱ ስጨምር ከገመትኩት በለጡ። እግዚአብሔር ሲባርክ እንዲህ ነው። ለደብሩ በሙሉ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ፈቲያ ትጠይቀኛለች፦ ንጹሕ መሆኑ በምን ይታወቃል? ድሮ ቆርሼ አኝከው ነበር። ንጹሕ ሰም ጥርስ ላይ እንደ ማስቲካ ይሆናል፤ የተቀላቀለ ይፈረፈራል። በጾም ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አፌ ምንም አይገባም፤ ሰምም ቢሆን። ሥራው ደግሞ ጠዋት ነው፣ መብራት ያለው ጠዋት ነው። አፍንጫ ይበቃል። የማር ሽታ ራሱ ይናገራል።

«ነገረዎት?» አለችኝ።

አንቺ ጻፊ ብቻ።

መጋቢት 18

ፈትሉን ነከርኩ። አንጠለጠልኩ። ሳሸው ትንሽ ተንሸራተተብኝ፤ እጄ ደክሞ ነው። በረንዳው በሙሉ ጧፍ ሆነ። ያማረ ነው። ታች ያሉ ልጆች ቀና ብለው ያያሉ።

ማታ ዕፀገነት፦ «አባባ፣ መደርደሪያው ላይ የነበረ ቢጫ ነገር አይተዋል? በዳቦ መጋገሪያ ያረጋሁት?» የእኔን ሰም እንጂ የአንቺን ዕቃ አልነካም አልኳት። ሱቁ ውስጥ ረስታው ይሆናል።

መጋቢት 25

ፈቲያ፣ ዛሬ የምነግርሽን ሳታቋርጪኝ ጻፊ።

ጧፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩ። የቤተ መቅደሱን ዕቃ የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ወልደጊዮርጊስ በረንዳው ላይ ነበሩ። እማማ የሺአረግም ነበሩ፤ ጧፍ የሚለዩትና የሚያስሩት እሳቸው ናቸው። ጨርቁን ሲፈቱት እማማ የሺአረግ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«በስመ አብ! ኬክ ነው የተጋገረው?»

ግቢውን የሚጠርጉት ሴቶች ቀርበው ሳቁ። ቄሰ ገበዙ አንዱን ለኮሱት። ጥቁር ጭስ ወጣ። አጠፉት።

«ጋሼ ተስፋማርያም፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጧፍ ነው።»

«እስቲ ያሽትቱት።»

ተቀበልኩና አሸተትኩት። ሁሉም ፊቴን ያያል። «ጧፍ ነው» አልኳቸው ደግሜ።

ከዚያ ማንም አልሳቀም። ቄሰ ገበዙ ጨርቁን በቀስታ ጠቀለሉና መለሱልኝ። «ለመቅደስ አይሆንም፣ አባት» አሉኝ። ሁልጊዜ ጋሼ ነበር የሚሉኝ። አባት ያሉኝ አዝነው ነው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ አፀደን እየረገምኩ ነበር፣ ሰፈፏን አበላሸችብኝ ብዬ። ዕፀገነት ጥቅሉን ከፈተችና አፏን ያዘች። «አባባ… ይህ እኮ የእኔ ቫኒላ ነው።» ያ ቢጫ ዳቦ የእሷ ኖሯል። ግማሹ ሰም፣ ግማሹ ፓራፊን፣ ላዩ ሽቶ። መልኩ ከእኔ ሰም አይለይም።

ጮህኩባት። በእኔ መደርደሪያ ላይ መርዝሽን ታስቀምጫለሽ አልኳት። መደርደሪያው የማንም አይደለም፣ የወጥ ቤት ነው። ድስቱም የእሷ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጮህኩባት። አላለቀሰችም። ቀስ ብላ «ሲቀልጥ እኮ ሽታው ቤቱን በሙሉ ነው የሚሞላው፣ ከደረጃው ይሸታል፤ እኔ እንኳ ለምጄው ነው፤ እርስዎ እንዴት…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው።

ሳትጨርሰው መተዋ ነው የገደለኝ።

መጋቢት 26

ሌሊቱን አልተኛሁም። በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ ኮንዶሚኒየም ምሥጢር የለውም።

ቢሩክ፦ «ድስቱን ደብቂው። ቤት ያቃጥልብናል አንድ ቀን። ይብቃው፣ አርጅቷል።»

ዕፀገነት፦ «አባትህ ነው፣ አንተ ደብቀው። እኔ አልደብቅም።»

 ድስቱም ጠዋት ቦታው ነበር።

ዛሬ ለፈቲያ አንድ ነገር ነገርኳት። አይጻፍም አልኳት። ብዕሩን አስቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ «ጋሼ፣ እኔ ከክረምቱ ጉንፋንዎ ጀምሮ አውቃለሁ» አለችኝ። ለምን አልነገርሽኝም? «ለእርስዎ ማን ይነግራል?» አለች። ይህን መጻፍ ትችያለሽ።

መጋቢት 27

ሆሣዕና። ዘንባባ በራሴ ላይ አስሬ ከኋላ ቆምኩ። ቄሰ ገበዙ ሲወጡ አገኘኋቸው። «ለመርካቶው ነጋዴ ነግረናል፤ ኀሙስ ያመጣል» አሉ። እኔም ኀሙስ አመጣለሁ አልኳቸው። ሕማማት ነው፣ ሥራ አይሠራም ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ። የመቅደስ ሥራ ነው፣ ይፍቀዱልኝ አልኳቸው። ለምኜ አላውቅም። ፈቀዱ። ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ለሰሙ የሚመሰክር ሰው ይምጣ።» ምስክሩ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

ወደ ቤት ስገባ ዕፀገነት ጫማዋን ልታወልቅ ነበር። «አታውልቂ፣ አፀደ ጋ እንሂድ» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችም።

አፀደ ሁለታችንን አየች፣ አየችና አልቀለደችም። ባልዲዎቹን አወጣች። ዕፀገነት በየተራ አጎነበሰች። «ይኼ ኮምጣጤ ነው። ይኼ ደህና ነው፣ ግን ጢስ ነገር አለው። ይኼኛው፣ አባባ፣ ይኼ ማር ነው።» እኔ ባልዲውን ያዝኩ። አፀደ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

መጋቢት 28

ድስቱን ስታጥብ ዋለች። በሙቅ ውኃ፣ በሎሚ፣ በአመድ። ታሸታለች፣ «አለ ገና» ትላለች፣ ታጥባለች። ሥራ አልሄደችም፤ ፈቃድ ጠየቀች። ለሱቁ ያዘጋጀቻቸው የብርጭቆ ሻማዎች ሳይሞሉ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አያቸውና ዓይኔን እመልሳለሁ።

መጋቢት 30

ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ የለም። ሁለታችንም ዝም ብለን ነው የምንሠራው። ድስቱ ያልባል። እሷ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ ራሷን ነቅንቃ አዎ ትለኛለች። እኔ እነክራለሁ። ስንጥቅ ያለውን ፈትል እጄ ያውቀዋል፤ አንዱን ከእጇ ነጥቄ ጣልኩት፣ ደነገጠች። አየችውና ልክ ነዎት አለች። እንዴት እንደሚታሽ አሳየኋት። እጇ ቀጭን ነው፣ ግን አይቸኩልም። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

መብራት ከሰዓት ሄደ። ማታ መጣ። ከሰፈፉ የወጣው ንጹሕ ሰም ትንሽ ነው። ለደብሩ በሙሉ አይበቃም። ደክሞኛል፣ ፈቲያም ደክሟታል፤ ፊደሏ ተንጋደደ ትለኛለች፤ እኔ ቀጥ ይበል ይንጋደድ አላውቅም።

ሚያዝያ 1

ጸሎተ ሐሙስ። ሁለታችን ሄድን። በረንዳው ላይ የመርካቶው ካርቶን ቀድሞን ተቀምጧል። እማማ የሺአረግ አሉ፣ የሚጠርጉት ሴቶች አሉ፣ ዲያቆናቱም ነበሩ። ጨርቁን ፈታሁት።

ቄሰ ገበዙ፦ «ለሰሙ ማን መሰከረለት?»

«እሷን ይጠይቋት» አልኳቸው። «እኔ አይሸተኝም።»

 ከዚያ ቀሪውን ጨረስኩት። «ከክረምት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። በርበሬም፣ እጣንም። አፍንጫው የእሷ ነው። እጁ ግን የእኔ ነው።»

ቄሰ ገበዙ አንዱን አንስተው ሰበሩ፣ አሸተቱት፣ ለእማማ የሺአረግ ሰጡ። እማማ የሺአረግ አሸተቱና ለራሳቸው አስቀሩት፤ አልመለሱትም። ዕፀገነት መሬት መሬት ታያለች።

«አይበቃም» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ለሕዝቡ የመርካቶው ይታደላል። ለመቅደሱ ግን ይኼ ይገባል።»

ለከርሞስ? አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ናቸው የጠየቁት፣ ያውም ዕፀገነትን፦ «ለከርሞ ቀደም ብላችሁ ታመጡታላችሁ?» እሷ ወደ እኔ ዞረች። መልሺላቸው አልኳት።

ሚያዝያ 5

ትናንት አላስጻፍኩም፣ ተኝቼ ዋልኩ። እግሬ እስካሁን አብጧል።

በትንሣኤ ሌሊት ከዓምዱ አጠገብ፣ የወንዱና የሴቱ ቦታ በሚገናኝበት ቆምኩ፤ ዕፀገነት በጎኔ፣ ቢሩክ ከኋላችን። ቢሩክ ከሥራ እንደመጣ ነው የተከተለን፣ ጫማው ላይ ሲሚንቶ አለ። የሕዝቡ እጅ ላይ የመርካቶው ጧፍ ነው። እንደሚጨስ አየሁ፤ ምንም አላልኩም። መጋረጃው ሲከፈት የእኛ ጧፍ ውስጥ ይነድዳል፤ ነበልባሉ ቀጥ ያለ፣ ጭስ የለው። ያንን ዓይኔ አይቶታል፣ ማንም አልነገረኝም።

አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ወጣት ሴት ልጇን አቅፋለች። ወደ ውስጥ አንገቷን አሰገገችና ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«አባባ፣ ከውስጥ ማር ማር ይሸታል አይደል?»

ዕፀገነት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ቢሩክም ሰምቷል፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ ተሰማኝ።

«ታዲያ ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል?» አልኳት።